እባቡ አልበላም ካለ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ



ዛሬ ስለ እባብ ነው የምጽፈው። ርዕሱን አይቶ አማትቦ የሚያልፍ ካለ አልቀየመውም። ግን ከጥቂት ወራት ወዲህ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመብኝ ነው፦ «ቲቸር፣ ልጄ እባብ ያሳድጋል፤ አልበላም ካለ ሳምንታት ሆነው፤ ምን ይሻላል?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ድሮ ባዮሎጂ ያስተማርኳቸው፣ አሁን አሜሪካና አውሮፓ ልጆች የሚያሳድጉ ተማሪዎቼ ናቸው። ለእያንዳንዱ እየደጋገምኩ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈውና የፈለገ ያስቀምጠው ብዬ ነው።

አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። አልበላም ያለ እባብ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በረሃብ ሳይሆን በአሳዳጊው ችኮላ ነው። አፉን ፈልቅቆ ማብላት፣ በየቀኑ አይጥ ፊቱ ላይ ማወዛወዝ፣ «ምን ነካው?» እያሉ በየሰዓቱ እያወጡ ማገላበጥ፣ ሁሉም ከፍቅር የሚመጡ ናቸው። ሁሉም ግን ነገሩን ያባብሱታል። የሚያዋጣው መጀመሪያ ቤቱን ማስተካከል፣ ቀጥሎ ሚዛን መያዝ፣ ከዚያ በኋላ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ ነው። መጠበቁ ደግሞ መስመር አለው፤ የት ላይ እንደሚያበቃ ከታች እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስለ የትኛው እባብ እንደምናወራ እንግባባ። በቤት ከሚያድጉት መካከል በጣም የተለመደው፣ በምግብ እምቢታም ስሙ የገነነው፣ ቦል ፓይተን የሚባለው ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ስሙን ያገኘው። ሳይንሳዊ ስሙ ፓይተን ሬጂየስ ነው፤ ሬጂየስ በላቲን «ንጉሣዊ» ማለት ነው። የዘንዶ ወገን ነው እንጂ እኛ አገር ቆላ ላይ እንደሚወራለት ዘንዶ ፍየል የሚውጥ አይደለም፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጡም። መርዝም የለውም። አገሩ ከሴኔጋል ጀምሮ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካን አቋርጦ እስከ ኡጋንዳ ይደርሳል። ቀን ቀን አይጥ በቆፈረው ጉድጓድና በኩይሳ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ይወጣል። ይህቺን «ተሸሽጎ ይውላል» የምትለዋን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ዕድሜው ረጅም ነው። አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ያለው የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በ1961 ከአንድ ግለሰብ የተረከባት ቦል ፓይተን፣ በ2020 ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆነ እየተገመተ እንቁላል ጥላ ዓለምን ጉድ አሰኝታለች። ያውም ወንድ ከቀረባት ከ15 ዓመት በላይ አልፏት ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕድሜ ላለው እንስሳ ሁለት ወር ሳይበሉ መቆየት ለእኛ እንደሚመስለን አይደለም።

እኛ ለምን እንዲህ እንደምንደነግጥ ግን ይገባኛል። እኛ የጉርሻ ሰዎች ነን። እንግዳ ሲመጣ «ብላ እንጂ! ምነው፣ አልጣፈጠህም እንዴ?» ሳንል አንውልም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን እንጨምራለን። እናቶቻችን ፍቅራቸውን በአፋቸው ብዙ አልነገሩንም፤ በእጃቸው ግን አጉርሰውናል። ስለዚህ ያልበላ ነገር ቤታችን ውስጥ ሲኖር ሆዳችን ይባባል። የሚያሳዝነው ይህ መልካም ጠባያችን እባብ ላይ ሲደርስ መከራ ይሆንበታል።

ድሮ ክፍል ውስጥ «ቀዝቃዛ ደም ያላቸው እንስሳት» ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን የምታስታውሱ አላችሁ? ስሙ ትንሽ ያሳስታል፤ ደማቸው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይደለም። ሙቀታቸውን ራሳቸው አያመርቱም፤ ከአካባቢያቸው ይወስዳሉ ለማለት ነው። እኛ ከምንበላው ውስጥ ብዙው የሚነደው ሰውነታችንን ወደ 37 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት ነው። ሌሊት ተኝተን እንኳ ምድጃው አይጠፋም። እባብ ይህ ምድጃ የለውም። በመሆኑም በክብደት እኩያው ከሆነ አጥቢ እንስሳ ጋር ሲነጻጸር ለመኖር የሚያስፈልገው ኃይል ከአሥር አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ድመት ሦስት ቀን ካልበላች ሐኪም ጋር ሩጡ። ትልቅ እባብ ሦስት ሳምንት ካልበላ ሻይ ጠጡ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ቦል ፓይተንን ጨምሮ የሦስት ዓይነት እባቦችን ጾም ተከታትሎ ነበር። ወደ ስድስት ወር ገደማ አልበሉም። ታዲያ ሰውነታቸው ምን አደረገ? ወጪውን ቀነሰ። አንዳንዶቹ በዕረፍት ላይ የሚያቃጥሉትን ኃይል እስከ 72 በመቶ ድረስ ዝቅ አደረጉት። ይባስ ብሎ እየጾሙ በርዝመት ያደጉ ነበሩ። ስድስት ወር ማለት የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሦስት ጊዜ ደርቦ መጾም ነው። እስቲ ከእኛ ጿሚዎች መካከል ማን ይችለዋል?

የበላ ጊዜም ሥራው ቀላል አይደለም። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የበርማ ፓይተን ትልቅ ምግብ ከዋጠ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የልቡ ጡንቻ በ40 በመቶ ያህል ሊጨምር እንደሚችል ተለክቷል። አንጀቱም ይወፍራል፤ ምግቡ ሲያልቅ ይመለሳል። ማለትም ለእባብ መብላት ሰውነትን በሙሉ ለሥራ መጥራት ነው። ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ከፈራ፣ ቆዳውን ሊቀይር ከሆነ፣ ያንን ሥራ ባይጀምር ይሻለዋል። ዱር ቢሆን እንዲህ ባለ ቀን ከጉድጓዱ ባልወጣም ነበር። ሆዱ ውስጥ ያልተፈጨ አይጥ ይዞ በብርድ ቢያዝ አይጡ ውስጡ ይበሰብስበታል ወይም ያስመልሰዋል። ስለዚህ «አልበላም» ሲል ብዙ ጊዜ እያመፀ አይደለም። ስለ ኑሮው አንድ ነገር እየነገረን ነው። የእኛ ሥራ ማዳመጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ፤ ባለታሪኩ ፈቅዶልኛል፣ ስም ግን አልጠራም። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሜሪካ ይኖራል። የ13 ዓመት ልጁ «ንጉሤ» ብሎ የሰየመው ጎልማሳ ወንድ ቦል ፓይተን አለው። ባለፈው ክረምት አባትየው ጻፈልኝ።

«ቲቸር፣ አልበላም ካለ ዘጠኝ ሳምንቱ። ባለቤቴ "እዚህ ቤት ሞቶ እንዳላየው" እያለች ነው። በግድ እንዴት እንደሚበላ የሚያሳይ ቪዲዮ አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ ከልጁ ጋር ልንሞክረው ነው።»

«ከቅዳሜ በፊት ሁለት ነገር ላክልኝ» አልኩት። «አንድ፣ የቤቱን ፎቶ። ሁለት፣ ክብደቱን።»

«እባብ ደግሞ እንዴት ነው የሚመዘነው?»

«እንደ ሽንኩርት። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ታደርገውና ወጥ ቤት ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለህ። የዕቃውን ክብደት ትቀንሳለህ።»

ፎቶው መጣ። መስታወት ሳጥን፤ አራቱም ጎኑ የተራቆተ፤ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን። አንድ መደበቂያ ብቻ፣ እሱም ሞቃቱ ጎን ላይ። ከላይ መቆጣጠሪያ የሌለው ቀይ አምፖል። ቀዝቃዛው ጎን ሌሊት 21 ዲግሪ ይወርዳል። እሑድ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ የዘመድ ልጆች ተሰብስበው መስታወቱን እያንኳኩ ያዩታል። አባትየው ደግሞ በየሁለት ቀኑ አይጥ ያቀርብለታል፤ እምቢ ሲል አውጥቶ አፉን ያየዋል። የሸጠላቸው ሱቅ «ይኸው ይበቃዋል፤ ምንም አያስቸግርም» ብሎ ነበር ሙሉውን ዕቃ ያስታቀፋቸው።

ቀን ተሸሽጎ የሚውል እንስሳ ነው ብዬ አልነበር? እስቲ ራሳችሁን በዚያ ቦታ አድርጉት። ግድግዳ በሌለው ቤት፣ አደባባይ ላይ፣ ብርድ ላይ፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ግዙፍ እጅ ከላይ እየመጣ አፍህን የሚከፍትህ ከሆነ የምግብ ፍላጎት ይኖርሃል?

ክብደቱ ግን ሌላ ነገር ነገረን። 1,420 ግራም። «ከዚህ በፊት ስንት ነበር?» ብዬ ስጠይቀው አባትየው አያውቅም። ልጁን ጠየቀው። ልጁ ደብተር አወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ በበላበት ሳምንት መዝኖ ጽፎታል፦ 1,450 ግራም። የበላበትን ቀን፣ ቆዳውን የቀየረበትን ቀን፣ የሳጥኑን ሙቀት፣ ሁሉንም ጽፏል። «ቲቸር፣ ደብተር እንዳለው አላውቅም ነበር» አለኝ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ እባቡ ሲከራከር፣ የሚያውቀውን ልጅ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ከእባቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ይኼ ነው።

ቁጥሩን አስሉት። 30 ግራም ከ1,450 ላይ ሁለት በመቶ ያህል ነው። በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ። ይህ እየሞተ ያለ እንስሳ አይደለም። ከዚህም በላይ ጎልማሳ ወንድ ነው፤ መብላት ያቆመውም በኅዳር አካባቢ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ የመራቢያቸው ወቅት ስለሆነ ብዙ ወንድ ቦል ፓይተኖች ሴት በአካባቢው ባትኖርም ምግብ ይተዋሉ። ልባቸው ሌላ ቦታ ነው።

እንግዲህ ለእሱ የነገርኩትን ለሁላችሁም በተራ ላስቀምጥ።

1. ሙቀቱን በቴርሞሜትር ለኩ፤ በእጅ ዳስሶ «ይሞቃል» አይሠራም። ሞቃቱ ጎን 31 እስከ 33 ዲግሪ (በፋራናይት 90 አካባቢ)፣ ቀዝቃዛው ጎን 25 እስከ 27 ዲግሪ (80 ገደማ) ይሁን። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት እንዳይሰካ፤ እባብ ሲያቃጥለው ቶሎ አይሸሽም፣ ሆዱ ተቃጥሎ ነው የሚገኘው። እርጥበቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ አካባቢ ይሁን። አሜሪካ በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ይህን ብዙ ሰው ይረሳል።

2. መደበቂያ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሞቃቱ ጎን፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጎን። ጠባብ ይሁኑ፤ ጎኑና ጀርባው ሲነካው ነው ደህንነት የሚሰማው። አንድ ብቻ ከሆነ ወይ መሞቅ ወይ መደበቅ ብላችሁ ማስመረጣችሁ ነው። የመስታወቱን ሦስት ጎን በካርቶን ሸፍኑት። ሳጥኑን ከቴሌቪዥንና ከመተላለፊያ አርቁት።

3. ተዉት። ሁለት ሳምንት ውኃ ከመቀየርና ከማጽዳት ሌላ አትንኩት፤ ምግብም አታቅርቡ። አዲስ የገባ እባብም እንዲሁ ነው፤ ቤቱን እስኪለምድ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሰጠው። እንግዶች ይቅርታ ይጠየቁ።

4. በሳምንት አንዴ መዝኑ፤ ጻፉት። ሚዛኑን የሚይዘውና የሚጽፈው ልጁ ይሁን።

5. ምግብ ስታቀርቡ በወጉ ይሁን። ከፍሪዘር የወጣው አይጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ይቅለጥ። ከዚያ በላስቲክ ተደርጎ ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ እስከ 38 ዲግሪ (100 ፋራናይት) ድረስ ይሙቅ። ማይክሮዌቭ አይሆንም። ቦል ፓይተን ከንፈሩ ላይ ሙቀት የሚለዩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ በጨለማ የሚያድነው በእነሱ ነው። ቀዝቃዛ አይጥ ለእሱ ድንጋይ ማለት ነው። ሲመሽ፣ መብራት ቀንሳችሁ፣ በረጅም መቆንጠጫ አቅርቡ። የአይጡ ውፍረት ከእባቡ መሃል ሰውነት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ካልፈለገ አንሱትና ለ10 ወይም ለ14 ቀን እርሱት። በየቀኑ ማቅረብ ምግቡን ራሱን የሚፈራው ነገር ያደርግበታል።

6. ዓይኑ ወተት መስሎ ከደበዘዘ ቆዳውን ሊቀይር ነው። በዚያ ጊዜ ብዙዎቹ አይበሉም። ቀይሮ ሲጨርስ ሞክሩ።

7. በሕይወት ያለ አይጥ ውስጥ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው። «ሕያው ከሆነ ያጓጓዋል» የሚሉ አሉ። ያልራበው እባብ ላይ አይጥ ጥርሱን ያሳርፋል፤ ሥጋው እስኪታይ የተበሉ፣ የሞቱም እባቦች አሉ። አዎ፣ አይጥ እባብን ይበላል።

8. ከነካችሁት በኋላ እጅ በሳሙና። ተሳቢ እንስሳት ሳይታመሙ ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኩት ይመረጣል።

አሁን «ጠብቁ» ያልኩት የት ላይ እንደሚያበቃ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህን ጽሑፍ ይዞ የታመመ እባብ ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ክብደቱ ወደ 10 በመቶ ከቀነሰ ሐኪም። ለንጉሤ ይህ ማለት 1,305 ግራም ነው። ልጁ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። ሲተነፍስ ከጮኸ፣ አፉ ወይም አፍንጫው ላይ አረፋ ካለ፣ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ሽቅብ ካንጋጠጠ፣ ሳትመዝኑ ሐኪም። ድዱ ከቀላ ወይም መግል ካለበት፣ የዋጠውን ደጋግሞ ካስመለሰ፣ መሃል ሰውነቱ ላይ እብጠት ካለ፣ ተገልብጦ መመለስ ካቃተው፣ አሁንም ሐኪም። ሐኪሙ ደግሞ ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ ይሁን፤ ውሻና ድመት ብቻ የሚያይ ከሆነ ስልክ ላይ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ገና የተፈለፈለ ወይም 100 እና 150 ግራም የሆነ ጫጩት ከሆነ ትዕግሥታችሁን አሳጥሩ፤ ትንሽ እባብ የትልቁ ያህል ስንቅ የለውም።

በግድ ማብላትስ? ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ሐኪም አይቶት፣ ሐኪሙ ወይም በሐኪሙ የሠለጠነ ሰው የሚያደርገው የመጨረሻ አማራጭ ነው። የእባብ መንጋጋ ስስ ነው፤ ጥርሶቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ ናቸው፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ ደግሞ እዚያው የአፉ ወለል ላይ ነው ያለው። ቪዲዮ አይቶ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያበላ ሰው መንጋጋ ሊሰብር፣ የምግብ ቧንቧ ሊቀድ፣ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላል። ያ ሁሉ ቀርቶ ቢሳካለት እንኳ፣ የፈራው እንስሳ ብዙ ጊዜ መልሶ ያስወጣዋል፤ በማስመለስ የሚያጣው ደግሞ በመጾም ከሚያጣው ይብሳል። በዚያ ላይ ልጁ ምን ተማረ? የምትወደው ነገር እምቢ ሲልህ አፉን ፈልቅቅ የሚለውን። ይህን ትምህርት እኔ ለማንም ልጅ አልመኝም።

(ይህን ወደ ሰው እንዳትወስዱብኝ! ልጃችሁ ወይም እናታችሁ ምግብ እምቢ ካሉ እባብ አይደሉም፤ ሚዛን አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።)

አሁን ኮሜንት ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁና ቀድሜ ልመልስ። «አገር ቤት ሰው የሚበላው አጥቶ፣ አንተ አልበላም ስላለ እባብ ትጽፋለህ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ያማል፤ ላቃልለው አልፈልግም። ግን እንዲህ አስባለሁ። ዱር ያለ እባብ የእኔ ዕዳ አይደለም፤ ራሱን ያውቃል። ሳጥን ውስጥ አስገብተን ክዳኑን የዘጋንበት ግን ፀሐዩም እኛ፣ ዝናቡም እኛ፣ ጉድጓዱም እኛ ነን። ከእኛ ሌላ የሚለምነው የለውም፤ መለመኛ ድምፅም የለውም። እጃችን ላይ ያለውን ትንሽ ነገር በኃላፊነት መያዝ ለተራበ ሰው ማዘንን አይቀንስም። እንዲያውም ልጅ ርኅራኄን የሚለማመደው ከአጠገቡ ባለው ነገር ነው።

«እባብ ከሔዋን ጀምሮ ጠላታችን ነው» የሚለውም ይመጣል። እኔ በሃይማኖት አልከራከርም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል ያደግን ሰዎች መፍራታችን ልክ ነው፤ አገራችን ውስጥ ሰው የሚገድሉ እባቦች አሉና። ማንንም «እባብ ግዛ» አላልኩም። እንዲያውም ለሚጠይቁኝ ወላጆች የምለው ተቃራኒውን ነው፦ ይህ እንስሳ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አይጥ የምታሞቀው አንተ ነህ፤ አስብበት።

ከገዛችሁ ግን ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ቦል ፓይተን ከአፍሪካ በሕይወት እየተያዙ በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ ከሚሸጡት የዱር እንስሳት ግንባር ቀደም አንዱ ነው፤ ቶጎ፣ ቤኒንና ጋና ዋነኛ ላኪዎች ናቸው። ከዱር የተያዘ እባብ ጥገኛ ትላትሎች ይዞ፣ ተደናግጦ፣ የማያውቀው ዓለም ውስጥ ነው የሚወድቀው። አልበላም ከሚሉት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው። በአዳሪ ቤት የተፈለፈለ፣ ከመሸጡ በፊት በተደጋጋሚ መብላቱ በጽሑፍ የተመዘገበለት ይሻላል። ሻጩ ስንት ጊዜ እንደበላና ምን እንደበላ መናገር ካልቻለ ትታችሁ ውጡ። ብዙው እምቢታ ገና ሱቅ ውስጥ ሳለ የሚቀር ነበር።

ንጉሤስ? ይህን ስጽፍ 15ኛ ሳምንቱን ይዟል። አሁንም አልበላም። ሳጥኑ ከሳሎን ወደ ልጁ መኝታ ቤት ተዛውሯል፤ ሦስት ጎኑ ተሸፍኗል፤ ሁለተኛ መደበቂያ ገብቶለታል፤ ቀዝቃዛው ጎን ሌሊትም ከ25 አይወርድም። ባለፈው እሑድ 1,410 ግራም መዝኗል። ከመነሻው ሦስት በመቶ እንኳን አልቀነሰም። ማታ ማታ ከመደበቂያው ወጥቶ እየዞረ ነው አሉ፤ ድሮ አይንቀሳቀስም ነበር። ጥሩ ምልክት ነው። መቼ እንደሚበላ አልነግራችሁም። መጋቢት ሊሆን ይችላል፤ ሚያዝያም ሊሆን ይችላል። ቀዩ መስመር ጋ ከደረሰ ሐኪሙ ተመርጧል፤ ስልኩ ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል።

አባትየው አሁንም ይጨንቀዋል፤ እውነት ለመናገር አይፈረድበትም። ግን እሑድ ማታ ከልጁ ጋር ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አብረው ያነባሉ። እኔ በበኩሌ ለአንድ እንስሳም ለአንድ ቤተሰብም ከዚህ የተሻለ ሕክምና ቶሎ አይታየኝም።

እባብ ያላችሁ፣ ጥያቄ ያላችሁ፣ ከታች ጻፉልኝ። «አልበላም አለ» ብቻ አትበሉኝ። ዕድሜውን፣ ክብደቱን፣ የሁለቱን ጎን ሙቀት፣ መጨረሻ የበላበትን ቀን ጻፉ። ድሮም ፈተና ላይ «መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን አሳዩ» የምለው እኔው አይደለሁ እንዴ?

ሰላም ሁኑልኝ።